መንታ መንገዱን የሳተው ድንጋይ

(ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ፣ የትራክ ሾፌሮችና ቤተሰቦቻቸው በተሰበሰቡበት ያወራሁት ነው። "ጻፍልንና እናንብበው" ስላላችሁኝ ይኸው። ትንሽ አስተካክዬዋለሁ፣ ብዙ አልነካሁትም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ።

ቡናው እስኪደርስ አንድ ነገር አውራ ተብዬ ነው የቆምኩት። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ትራክ ነው የምነዳው፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቴ። ግን አንድ አመል አለብኝ፤ መንገድ ዳር የቆመ የታሪክ ታፔላ ሳላነብ ማለፍ አልችልም። ቡናማ ምልክት ካየሁ እግሬ ራሱ ፍሬን ላይ ይሄዳል። ጭነት የሚመድብልኝ ዲስፓቸሬ ያውቀዋል፣ ባለቤቴም ታውቀዋለች፣ ሁለቱም ደስ አይላቸውም።

ዛሬ ስለ አንድ ድንጋይ ነው የማወራችሁ። ዋዮሚንግ ውስጥ፣ ሃይዌይ 28 ላይ፣ ከፋርሰን ወደ ላንደር ስትሄዱ መንገድ ዳር ቆሟል። እዚህ ካላችሁት ግማሻችሁ አጠገቡ አልፋችኋል፣ ግን አላያችሁትም። አልፈርድም። እዚያ ምን ተብሎ ይቆማል? ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ የእኔ ስልክማ ጭራሽ አልሠራም። ዓይን እስኪደክም ድረስ ግራጫ ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉን በጣታችሁ አሸት ብታደርጉት ሽታው አሪቲን ያስታውሳችኋል። ከዚያ ንፋስ። ስለ ንፋሱ አልነግራችሁም፤ ባዶ ትሬለር ይዞ ራውሊንስ አካባቢ ያለፈ ሰው ስለ ዋዮሚንግ ንፋስ አስተማሪ አያስፈልገውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የቆምኩ ቀን ላንደር የሚራገፍ ጭነት ይዣለሁ። ጃኬቴን ደርቤ ወረድኩና ድንጋዩን አነበብኩት። እዚህ ቦታ የድሮው የጋሪ መንገድ ለሁለት ይከፈላል፣ ቀኙ ወደ ኦሪገን፣ ግራው ወደ ዩታና ካሊፎርኒያ፣ ይላል። ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም በቁጥቋጦው መሃል ፈዘዝ ያለ የመንገድ ፈለግ አለ፣ ወደፊት ሄዶ መንታ ይሆናል። ሆዴን አንድ ነገር አለኝ። ወራት ሙሉ አብረው የተጓዙ፣ አንዱ የሌላውን ሬሳ የቀበረ፣ ልጅ ሲወለድ አብረው የነበሩ ሰዎች እዚህ ነው የተለያዩት ብዬ ቆሜ ቀረሁ። እኔም ከሰው ተለያይቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ትንሽ ዓይኔም እንባ አቀረረ። ንፋሱም ይሆናል።

ፎቶ አነሳሁ። ዞር ስል እዚያው ሌላ ጽሑፍ አለ። እሱን ሳነብ ደግሞ፣ ድንጋዩ ተሳስቷል ይላል! እውነተኛው መንታ መንገድ ከዚህ ወደ ምዕራብ 10 ማይል ገደማ ይርቃል። ይህ የምታዩት ፈለግ ኋላ የመጣ የሠረገላ መንገድ ነው፤ ሳውዝ ፓስ ሲቲ የምትባለውን የወርቅ ከተማ ግሪን ሪቨር ካለው የባቡር ጣቢያ ጋር የሚያገናኝ። እነዚያ ስደተኞች እዚህ አልተለያዩም።

ብቻዬን ሳቅኩ። ለተሳሳተ ቦታ ነዋ ያለቀስኩት!

ቦታው አሁን ኦፊሴል በሚመስል መንገድ "ሐሰተኛው መንታ መንገድ" ተብሎ ነው የሚጠራው። በጣም የወደድኩት ደግሞ ድንጋዩን አለማንሳታቸውን ነው። ክሬን አምጥቶ ነቅሎ መውሰድ ያቅታቸዋል? እኛ ብንሆን ሌሊት ነቅለን፣ ጠዋት "የምን ድንጋይ?" እንል ነበር። (ሳቅ።) እነዚህ ግን ተዉትና አጠገቡ "ተሳስቷል" ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታፔላ ሳነብ ጽሑፉን ብቻ አላነብም። ማን አቆመው፣ መቼ አቆመው፣ ለምን እዚህ አቆመው እላለሁ። ዛሬም ላወራችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

መንገዱን ለማታውቁት ልጆች ባጭሩ ልንገራችሁ። ከ1840ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ከ300 ሺህ እስከ 400 ሺህ የሚገመት ሰው ከሚዙሪ ወንዝ አካባቢ ተነስቶ በዚህ መስመር ወደ ምዕራብ ተጉዟል። ገሚሱ መሬት ፍለጋ ወደ ኦሪገን፣ ገሚሱ በተለይ ከ1849 ወዲህ ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ሞርሞኖቹ ደግሞ ሃይማኖታቸውን ይዘው ወደ ዩታ። በ1869 ባቡሩ ዩታ ላይ ገጥሞ አገሩን ሲያገናኝ የጋሪው ዘመን አበቃ። ከኢንዲፔንደንስ ሚዙሪ እስከ ኦሪገን ሲቲ 2,000 ማይል ገደማ ነው። እኛ በአራት ቀን ጭነቱን አድርሰን እንራገማለን። እነሱ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጅባቸው ነበር።

ደግሞ ጋሪ ላይ ተቀምጠው የሄዱ እንዳይመስላችሁ። በጋሪው ላይ ያለው ዱቄት፣ የአሳማ ሥጋ፣ ቡና፣ ማረሻና የቤት ዕቃ ነው። ሰው በእግሩ። እርጉዝም፣ ሕፃንም በእግሩ። ፊልም ላይ ፈረስ ሲጎትተው ታያላችሁ፤ አብዛኛውን የጎተተው ግን በሬ ነው። በሬ ርካሽ ነው፣ የተገኘውን ሣር ይበላል፣ ብርቱ ነው፣ ሌባም እንደ ፈረስ አይጓጓለትም። ቀንበራቸውን ሙዚየም ውስጥ አየሁት። ጎጃም ያደገ ሰው ቀንበር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም መቼም። የኛ ማነቆ ቀጥ ቀጥ ያሉ እንጨቶች ናቸው፣ ከሥር በጠፍር የሚታሰሩ። የነሱ አንድ እንጨት ነው፣ ተቀልብሶ ከበሬው አንገት ሥር ዞሮ በሁለት ቀዳዳ ወደ ላይ የሚወጣ። ዘበኛው እስኪጠረጥረኝ ድረስ አጎንብሼ ሳየው ቆየሁ።

መንታ መንገዱ ጋ ምን ነበር የሚወሰነው? በግራ ከሄድክ ፎርት ብሪጀር የሚባል የንግድ ጣቢያ ትደርሳለህ፤ ይዞራል፣ ግን ውሃ አለው። በቀኝ ከሄድክ ሰብሌት የሚሉት አቋራጭ ነው፣ በ1844 የተከፈተ። ቀናት ያተርፍልሃል፣ ግን እስከ ግሪን ሪቨር ወንዝ ከ40 እስከ 50 ማይል ውሃ የሚባል ነገር የለም። ብዙዎቹ ለከብቱ ብለው ሌሊት ነበር የሚያቋርጡት። ጂፒኤስ "8 ደቂቃ ያተርፋል" ብሎ ገደል ያስገባው ሰው እዚህ አለ፣ ስሙን አልጠራም። (ሳቅ። እሱም ሳቀ።)

በዓመቱ ፈቃድ ወስጄ፣ ፒክአፕ ተከራይቼ፣ ከልጄ ጋር እውነተኛው ቦታ ሄድኩ። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ በአቧራ መንገድ ነው የሚደረሰው፤ በትራክ አትሞክሩት። ደርሰን ስናየው ከሐሰተኛው ጋር ምንም ልዩነት የለውም። ያው ቁጥቋጦ፣ ያው ንፋስ፣ ያው ተለያይተው የሚሄዱ ሁለት ፈለጎች። ልጄ "እርግጠኛ ነህ ይሄኛው ትክክል ነው?" አለኝ። ከዚህ በኋላማ ምን ይባላል! የእኔ ግምት ድንጋዩ የተሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው፤ አስፋልት አለ፣ መኪና ማቆሚያ አለ፣ መንታ የሚመስል ነገር አለ፣ በቃ ይሁን ተባለ። ታሪክ በሆነበት ሳይሆን መኪና በሚቆምበት ቦታ የተተከለ ድንጋይ፣ ልብ ካላችሁ፣ ብዙ ነው።

ድንጋይ የመትከሉን ነገር ካነሳን ኤዝራ ሚከርን ሳልነግራችሁ አልወርድም። በ1830 የተወለደ ሰው ነው። በ1852፣ ሚስቱንና ጨቅላ ልጁን ይዞ በዚህ መንገድ ሄደ። ዋሽንግተን ግዛት ፑያለፕ ላይ ሰፍሮ የቢራ ጌሾ ተከለ፤ ፈረንጆቹ ሆፕስ የሚሉትን ማለቴ ነው። በእሱም ከበረ፣ "የጌሾው ንጉሥ" እስኪባል ድረስ። በ1890ዎቹ ተባይ መጣና እርሻውን በላው፣ ሀብቱም ሄደ። ሽማግሌ ሆነ። ሌላው ሰው ይሄኔ ጋቢውን ለብሶ ፀሐይ ይሞቃል። ሚከር ግን የጋሪው መንገድ እየታረሰ፣ እየተረሳ መሄዱ አበሳጨው። በ1906 ጃንዋሪ፣ በ75 ዓመቱ፣ ጋሪ አዘጋጅቶ፣ ትዊስትና ዴቭ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ጠምዶ፣ ጂም የሚባል ውሻ አስከትሎ፣ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ፣ ወደ ምሥራቅ ተያያዘው። በየከተማው ቆሞ ንግግር ያደርጋል፣ "እዚህ ድንጋይ አቁሙ" ይላል፣ የትምህርት ቤት ልጆች ሳንቲም ያዋጡለታል። ከተማ በሌለበት እሱው ራሱ አለት ላይ ይጽፋል።

ኔብራስካ ሲደርስ ትዊስት ሞተበት። ኦማሃ ላይ ዳንዲ የሚባል ሌላ በሬ ገዛና ከዴቭ ጋር ጠምዶ ቀጠለ። ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ በበሬ ሄዷል፣ አስቡት! በ1907 ኖቬምበር ዋሽንግተን ዲሲ ገባና ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ወጥቶ በሬዎቹን አየለት። በዚህ አላበቃም። በኋላ በመኪና ሄደበት፣ በ1924 ደግሞ በአውሮፕላን። በአንድ ዕድሜ ያንኑ አገር በበሬም በአውሮፕላንም ያቋረጠ ሰው ነው። በ1928 በ97 ዓመቱ አረፈ። ዴቭና ዳንዲ ቆዳቸው ተሞልቶ ታኮማ ሙዚየም ውስጥ ቆመዋል፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ከሐሰተኛው መንታ መንገድ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ተመልሳችሁ ሳውዝ ፓስ አለ፣ የሚከር አንድ ድንጋይ እዚያ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል 7,400 ጫማ ገደማ ከፍ ያለ ነው፣ የአህጉሩ ጀርባ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለ ውሃ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ተራራ ስትጠብቁ ሜዳ ነው የምታገኙት። ጋሪዎቹ ማለፋቸውን እንኳ ሳያውቁ ያልፉ ነበር፣ ወዲያ ማዶ ያለው ምንጭ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲፈስ አይተው ነው "አለፍን" የሚሉት። ሚከር ድንጋዩ ላይ "የድሮው ኦሪገን መንገድ 1843-57" ብሎ አስቀረጸ። ግን ሰው ከ1843 በፊትም፣ ከ1857 በኋላም አልፏል። እሱ ራሱ ያለፈበት ዘመን መሃል ላይ አለ፣ ዳሩን ቆረጠው። አጠገቡ በ1916 የቆመ ሌላ ድንጋይ አለ፣ ናርሲሳ ዊትማንና ኢላይዛ ስፖልዲንግ በ1836 ጁላይ 4 ይህን ቦታ ያቋረጡ የመጀመሪያዎቹ ነጭ ሴቶች መሆናቸውን የሚናገር። እሺ፣ ይሁን። የአገሩ ባለቤት የሆኑት የሾሾኒ ሕዝብ ሴቶች ግን ልጆቻቸውን አዝለው ስንት መቶ ዓመት ወዲያና ወዲህ ሲሉ ኖረዋል፣ ለነሱ ያቆመ የለም።

ስለ ሕንዶቹ፣ ማለትም ስለ ባለአገሮቹ፣ ፊልም ያሳየንን እንተወው። ይህን መንገድ በጥልቀት ያጠና ጆን ኡንሩ የሚባል የታሪክ ሰው ቆጥሮታል። ከ1840 እስከ 1860 ባሉት ዓመታት ባለአገሮቹ የገደሏቸው መንገደኞች 362፣ መንገደኞቹ የገደሏቸው ባለአገሮች 426። መንገደኛውን የፈጀው ይልቅ ኮሌራ ነው፣ የወንዝ ሙላት ነው፣ የገዛ ጠመንጃው ባርቆበት ነው፣ ከጋሪ የወደቀ ልጅ በመንኮራኩር ተረግጦ ነው።

አሁን የላም ታሪክ ልንገራችሁ። በ1854 ኦገስት፣ ፎርት ላራሚ የሚባል የጦር ሰፈር አጠገብ፣ አንድ የሞርሞን መንገደኛ የሚያነክስ ላም ይጠፋበታል። ላሟ ላኮታ የሚባሉት ባለአገሮች ሰፈር ትገባለች፣ አንድ እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው አርዶ ይበላታል። የላኮታዎቹ አለቃ ኮንከሪንግ ቤር ይባላል፤ "ካሣ እንክፈል፣ ከብት ከከብቶቼ መርጦ ይውሰድ" አለ። ባለቤቱ 25 ዶላር ካልሆነ አለ። እንግዲህ ይህ ነገር እኛ አገር ቢሆን ሁለት ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ነው። እነሱ ግን ግራተን የሚባል ገና ልጅ የሆነ መኮንን ከ29 ወታደርና ከሁለት መድፍ ጋር ላኩ። ተኮሰ። አለቃው ቆስሎ ኋላ ሞተ። ግራተንና ወታደሮቹ፣ ከነአስተርጓሚያቸው፣ አለቁ። በዓመቱ ጦሩ ለበቀል መጣና ብሉ ዋተር ላይ 86 ላኮታዎችን ገደለ፣ ሴትና ሕፃን ያሉበት። በአንዲት አንካሳ ላም። ለረጅም ዘመን የመጀመሪያው ነገር "የግራተን እልቂት" ሲባል ኖረ፣ የወታደሮቹን ሞት ብቻ የሚያይ ስም። አሁን አሁን "የግራተን ውጊያ" ማለት ጀምረዋል። ታፔላ ላይ አንድ ቃል መቀየር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አያችሁ።

ከሁሉ ግን ልቤን የነካኝ የመንገድ ምልክት ማንም በዕቅድ ያላቆመው ነው። ኔብራስካ፣ ስኮትስብላፍ አጠገብ፣ የረቤካ ዊንተርስ መቃብር ነው። በ1852 ኦገስት 15 በኮሌራ ሞተች። በዚያ መንገድ የሚሞት ሰው መቃብሩ ምልክት የለውም፤ እንዲያውም አውሬ እንዳያወጣው ብለው ጋሪ ይነዱበት ነበር። የእሷ ግን ዊልያም ሬይኖልድስ የሚባል የጉዞ ጓደኛ ነበራት። ድንጋይ ጠራቢ አይደለም፣ ድንጋይም አልነበረው። የተረፈ የጋሪ ጎማ ብረት አገኘ። መሮ ይዞ፣ ፊደል በፊደል እየመታ፣ "ረቤካ ዊንተርስ፣ ዕድሜ 50 ዓመት" ብሎ ብረቱ ላይ ቀረጸና፣ ቆልምሞ ከመቃብሩ አፈር ውስጥ ተከለው። በቃ። ከ47 ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ የባቡር ሀዲድ ቀያሾች መጥተው መስመር ሲያሰምሩ ያ ብረት ተገኘ። ሀዲዱን ለእሷ ብለው ዞር እንዳደረጉት ይነገራል። መቃብሩ ለሀዲዱ በጣም ስለቀረበ በ1995 ዞር ወዳለ ቦታ ተዛወረ። ብረቱ አሁንም አለ። ፊደሎቹ እኩል አይደሉም፣ ወጣ ገባ ይላሉ። መዶሻው ያረፈበት ይታያል።

ቡናው መድረሱን ሽታው ነግሮኛል፣ ስለዚህ ወደ ኦሪገን ልግባና ልጨርስ።

በ1844 ጆርጅ ቡሽ የሚባል ጥቁር ሰው — ከፕሬዚዳንቶቹ ጋር አታምታቱት — ከሚዙሪ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በዚህ መንገድ ተነሳ። ገንዘብ ነበረው፣ የጉዞ ጓደኞቹንም ረድቷል። ኦሪገን ሲደርስ የጊዜው መንግሥት ጥቁር ሰው እዚህ አይኖርም፣ ከኖረም ይገረፋል የሚል ሕግ አውጥቶ ጠበቀው። 2,000 ማይል በእግር ተመጥቶ! አብረውት የመጡት ነጭ ጓደኞቹ ጥለውት አልሄዱም። ከኮሎምቢያ ወንዝ ማዶ ወደ ሰሜን አብረው ወጥተው ዛሬ ተምወተር የሚባለው ቦታ ሰፈሩ። በ1852 እህል ሲጠፋ ነጋዴ እህልህን በውድ ልግዛ ሲለው እምቢ ብሎ ለጎረቤቱና ለአዲስ መጤው የሰጠ ሰው ነው። መሬቱ በስሙ እንዲጸናለት ኮንግረስ በ1855 ለብቻው ሕግ ማውጣት ነበረበት። ኦሪገን ግን ጥቁር አይግባ የሚለውን አንቀጽ ከሕገ መንግሥቷ የሰረዘችው በ1926 ነው።

ፖርትላንድ ጭነት ያላችሁ ከቻላችሁ አንድ ቦታ ሂዱ። ሳውዝኢስት 31ኛ መንገድና ፓይን የሚገናኙበት ማዕዘን። ተራ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በ1988 ኖቬምበር 13 ዘረኞች ሙሉጌታ ሥራውን የገደሉት በዚያ ሰፈር ነው፤ ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። ለመማር የመጣ ልጅ ነበር፣ 28 ዓመቱ። ከሞተ በሠላሳ ዓመቱ፣ በ2018፣ ከተማው በመንገዱ ስም ታፔላ አናት ላይ መታሰቢያ አደረገለት። ትንሽ ነገር ናት፣ በመኪና ስታልፉ ላታዩዋት ትችላላችሁ። እኔ በእግሬ ነው የሄድኩት። ቦታው አልተሳሳተም።

(ሲያልቅ ጥያቄ ነበር። ከሾፌሮቹ አንዱ ሃይዌይ 28 ላይ 53 ጫማ ትሬለር ይዞ መቆም ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኔ በበጋ ቆሜያለሁ፣ በበረዶ ግን አትሞክረው አልኩት። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ደግሞ እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ የዚያ ልጅ ስም በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው?"

"በእንግሊዝኛም አለ እማማ። በኛም ፊደል አለ።"

"በኛ ፊደል?"

"አዎ፣ በኛ ፊደል።"

ነጠላቸውን አስተካክለው "እንግዲያው ቡናው ይቅረብ" አሉ።)